ከፊት ፍሬን የሌላት መኪና

በዘጠኝ ዓመቴ እናቴን አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ፍሬን ዋሽቻታለሁ። የማወራው ንስሐ ለመግባት አይደለም። በዚያ ሳምንት ሜልበርን ያለ ሐበሻ ግማሹ አብሮኝ ሲዋሽ ስለነበር ነው። ሁላችንም የምንዋሸው አንድ ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ነው። የምንኖረው አስኮት ቬል፣ የመንግሥት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ዘገዬ አዲስ አበባ እያለ በቤተ መንግሥት ጋራዥ የአሮጌ መኪኖች መካኒክ ነበር፤ እዚህ መጥቶ ግን ዌሪቢ ባለ መጋዘን ውስጥ አበባ ጎመን ያሽጋል። እጁ የለመደውን ሥራ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ያየሁት በእሱ ነው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ፍሪጁ ላይ መዳፉን ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ይቺ ልጅ ልትታመም ነው» ይላል። እናቴ ያለምዘውድ «እስክትታመም ወተቱን አውጣልኝ» ትለዋለች። አፏ ይቀልዳል እንጂ ፊቷ አይስቅም። ባሏ ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለ መሄዱን ከሁላችን በፊት ያየችው እሷ ናት።

ታዲያ አንድ ጠዋት አባዬ ከባቡር ወርዶ ወደ መጋዘኑ ሲያመራ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሞተር ሲያስነጥስ ሰማ። አጥሩ ጋ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የመኪና ማስነሻውን ብረት በእጃቸው እያዞሩ ይራገማሉ። እንግሊዝኛው ገና ያልጠና አባቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ማግኔቶ፣ ሚስተር! ካርቡራቶር ኖ። ማግኔቶ!» አላቸው። ለካንዴላው እሳት የሚልከው ዕቃ ነው የታመመው ማለቱ ነው። የዚያን ቀን ሥራ የገባው ሁለት ሰዓት አርፍዶ ነው፤ መኪናዋ ግን ተነሳች። ሽማግሌው ሚስተር ኬልሶ ይባላሉ። አባዬ በአማርኛ ስለ እሳቸው ሲያወራ አንቱ ስለሚላቸው እኔም እስከ ዛሬ ከአንቱታ አላወረድኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ይዞ እሳቸው ጋ ይሄዳል። መኪናዋ ቴምፐርሊ ትባላለች። በፈረንጆቹ 1913 እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ኮፈኗ ብቻ ከመኝታ ክፍሌ የሚረዝም። መብራቷ ናስ፣ ወንበሯ ቀይ ቆዳ ነው፤ የተሠራችው ለመኳንንት ነው። ሚስተር ኬልሶ ታሪኳን ሲናገሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እንደ እሳቸው አባባል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት እህቶቿ የአውሮፓን ተራሮች በስድስት ቀን ውድድር ሲወጡ የሌሎቹ ራዲያተር እንደ ጀበና ሲንተከተክ፣ የእነሱ ኮፈን አንድ ጊዜም አልተከፈተም። ሞተሯ እየሠራ ኮፈኗ ላይ ሳንቲም በጠርዙ ያቆሙና «እይ!» ይሉናል። ሳንቲሙ አይወድቅም። አባዬ እንባው ይመጣል። እኔ ሳንቲሙን ሲጨርሱ ለእኔ ይሰጡኝ ይሆን እያልኩ አያለሁ።

ይህች እመቤት ታዲያ ሁለት ጉድ ነበራት። አንደኛው፣ የቤንዚን ታንከሯ ከኋላ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ቤንዚኑ በራሱ ወደ ሞተሩ አይመጣም። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው በእጅ ፓምፕ አየር እየገፋ ቤንዚኑን መላክ አለበት፤ ገፊው ከደከመው መኪናዋም ትቆማለች። ሁለተኛውን ያወቅሁት ከሥሯ ገብቼ ስጫወት ነው።

«አባዬ፣ የፊት ፍሬኗ የታለ?»

«ከኋላ ብቻ ነው ያላት። ያን ጊዜ የፊት ፍሬን የሚባል ነገር አልነበረም።»

«ሁዋት?»

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ ዓይኑን ጠቅሶ።

የጠቀሰኝ ለቀልድ ነበር። እኔ ግን ቃል ገባሁ፣ ፈራሁም። ምክንያቱም በሳምንቱ ውድድር አለ። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ክበብ በየዓመቱ መኪኖቹን ከዌሪቢ ሜዳ ያስነሳና ኮረብቶቹ ድረስ ያስኬዳል። ኮፈኑ በሰም ይታሸጋል። ሞተሯ ከጠፋች ወይም ሰሙ ከተሰበረ ወይም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰች ወደቀች። ክበቡ ለአባላቱ መኪኖች ቋሚ መካኒክ ይፈልግ ስለነበር ሚስተር ኬልሶ «ቴምፐርሊን ዘገዬ ይንዳት፤ ሰሙ ሳይሰበር ከመለሳት ሥራው የእሱ ይሁን» ብለው አስማምተው ነበር። አባዬ ያን ሳምንት ፍሪጁን ረሳው። እራት ላይ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሹካውን ማርሽ አድርጎ ይቀይራል። እማዬ አፉን አፉን ታየዋለች።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ የክርስትና እናቴ አባይነሽና የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ወልዴ ደረጃው ላይ ቆመው ይንሾካሾካሉ። አባይነሽ ከታችኛው ፎቅ ናት፤ ጋሼ ወልዴ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ዳንደኖንግ የሚኖሩ ባለ ታክሲ ናቸው። እሳቸው በሐሙስ ቀን ታክሲያቸውን አቁመው አስኮት ቬል ከመጡ ነገር አለ ማለት ነው። ከመዞሪያው ሥር ቆሜ አዳመጥኩ።

«እንዴት አድርጋ ትችለዋለች?» ትላለች አባይነሽ።

«ቀስ ብሎ ነው እንጂ። በሚነገራት ጊዜ ከኋላዋ ሰው ይቁም፣ እንዳትወድቅ።»

«እሷ እቴ፣ ምኑንም አልጠረጠረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ወዲያው ገባኝ። የፍሬኑ ነገር ዳንደኖንግ ደርሷል! አባይነሽ አየችኝና ትከሻዬን ጨመደደችኝ።

«እየሩዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ ከጠራ አንቺ ነሽ የምታነሺው። እማዬ የለችም በይ። እሺ?»

«አይ ኖው» አልኳት። «ሲክሬት ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ። ባለፈው ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ? እኛ የሰማነው ዛሬ!» ብላ ወደ ጋሼ ወልዴ ዞረች። ጋሼ ወልዴ ግንባራቸውን ይዘው «ይሄ ዘገዬ እንዴት ያለ ሆድ አለው» አሉ።

ጉዳዩ ሌላ ነበር። የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ብሥራት፣ እናትና አባቷን በልጅነቷ ስላጣች እንደ አባት ያሳደጋት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አርፎ ነበር። ወሬው ለጋሼ ወልዴ ተደወለ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ ወይም በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። መርዶ ነው፤ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ሳይነጋ ቤት ሄዶ፣ ሁሉ ተቀምጦ፣ ወገብ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ሜልበርን ላይ ግን ሰው ሁሉ ሺፍት አለው። ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ ሆም፣ ግማሹ ታክሲ። ጋሼ ወልዴ ወረቀት አውጥተው ቢደምሩ ቢቀንሱ ሰው የሚሞላው እሁድ ሊነጋ ሲል ብቻ ሆነ። ለመርዶም እንደ ሥራ ተራ ሮስተር ወጣለት። አባዬ በዚያው ሐሙስ ማታ ሲነገረው «እንግዲያው መኪናው ይቅር» ብሎ ነበር አሉ። ጋሼ ወልዴ «ብትቀር ምን ብለህ ልትነግራት ነው? ቅዳሜ ነድተህ ግባ፣ እሁድ እናለቅሳለን» አሉት።

ከሐሙስ ጀምሮ ስልኩን እንደ ወታደር ጠበቅሁ። የሚገርመው እማዬ ስልክ ሲጮህ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አትልም። «አንሺው» ትለኛለች ሽንኩርት እየከተፈች። ያን ሰሞን የማይበላ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር።

ቅዳሜ ዌሪቢ ሜዳ ስንደርስ ሠላሳ የሚሆን ሐበሻ ቆሞ ጠበቀን። እማዬን ብቻዋን ላለመተው የተደረገ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ብቻዋን ከቀረች ሊያመልጠው ይችላላ። ሚስተር ኬልሶ ደነገጡ። የቴምፐርሊ አፍቃሪ ሆኖ በሕይወታቸው የሚያውቁት ራሳቸውን ብቻ ነበርና ባርኔጣቸውን አውልቀው ታሪኳን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሕዝቡም በለቅሶ ልቡ እያዳመጠ ከንፈሩን ይመጥጣል። ተራራው ላይ ስለተሰበረችው አንዷ እህቷ ሲናገሩ ጋሼ ወልዴ ሳይታወቃቸው የሽማግሌውን እጅ ጨብጠው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው።

እማዬ ፊት ደግሞ ከመኪና ሌላ ወሬ የለም። ከአፍ እንዳያመልጥ ሁሉም ስለ ሞተር ይጠይቃታል።

«ያለምዬ፣ እስኪ ይሄ ሲሊንደር የሚሉት ነገር ምን ያደርጋል?» ትላለች አባይነሽ፣ ከትራም ሌላ የማታውቀው ሴት።

«እኔ እንጃ፣ አባይነሽ። የሚገፋና የሚመለስ ነገር ነው መሰለኝ» ትላለች እማዬ።

«አይ የፈረንጅ ጥበብ!» ይላሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንዷ ለእሁዱ ለቅሶ የቀቀለችውን ንፍሮ ከሌላው ምግብ ጋር በስሕተት ይዛ መጥታ ኖሮ፣ ክዳኑ ሲከፈት ሐበሻው ሁሉ ክው አለ። አባይነሽ ሳህኑን መንጭቃ ለፈረንጆቹ አዞረችው። ወደዱት። እማዬ ወደ ንፍሮው ለአፍታ ተመለከተችና ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም፤ ያን ጊዜም ዓይቼው ነበር፣ ግን ምን ላድርገው?

መኪኖቹ ሊነሱ ሲሉ ሁለት ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከሜዳው በር ብቅ አሉ። ነገሩ ያልተነገራት መሆኑን የሰሙ አይመስሉም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀጥታ ወደ እማዬ ይመጣሉ። አባይነሽ እማዬን ክንዷን አፈፍ አድርጋ ወደ ቴምፐርሊ አስሮጠቻትና ፓምፑ ጋ የተቀመጡትን ሚስተር ኬልሶን «ሚስተር፣ ዳውን! እሷ ትግፋ!» ብላ በእጇ አወረደቻቸው። ሽማግሌው ምን እንደመጣባቸው ሳያውቁ ወረዱ። እኔ ከኋላ ዘልዬ ገባሁ። ወላጆቼ ከፊት ፍሬን በሌላት መኪና ሲሞቱ ቆሜ የማይ አልመሰለኝም።

ባንዲራው ወረደ። የሚስተር ኬልሶን የነፋስ መነጽር አባይነሽ ነጥቃ እማዬ ዓይን ላይ አድርጋላት ነበር። እማዬ ፓምፑን በሁለት እጇ ይዛ መግፋት ጀመረች። ገፋች ገፋች። አባዬ የግፊቱን መለኪያ እያየ «ያለም፣ ረጋ በይ፤ በቂ ነው» ይላል። አትሰማውም። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ የሞተሩና የነፋሱ ጩኸት ግን ድምፅዋን ይወስደዋል። ከመነጽሩ ሥር ጉንጯ ረጥቧል። «ነፋሱ ነው» አለ አባዬ፣ የራሱን መሐረብ እያቀበላት። እኔም ነፋስ ነው አልኩ። ዳሩ ግን ያን ያህል አየር ወደ ታንከር ሲገፋ ያየሁት ከዚያ ወዲህ የለም፤ ቴምፐርሊ ኮረብታውን ሽቅብ በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈነች ወጣች።

ከአናቱ ላይ ዞረን ቁልቁለቱን ስንጀምር ፍርሃቴ ገነፈለ። ከፊታችን ጥምዝ አለ፣ ከጥምዙ ማዶ ገደል።

«እማዬ! ከፊት ፍሬን የላትም! አባዬ ደብቆሽ ነው! አባይነሽም ታውቃለች! ጋሼ ወልዴም! ሁሉም ያውቃሉ!»

አባዬ እጁ መሪው ላይ ደረቀ። እማዬ ዞራ አየችኝ።

«እሱን ብቻ ነው የደበቃችሁኝ?» አለች።

አባዬ የኋላውን ፍሬን በእጁ ሳብ ለቀቅ እያደረገ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ ጥምዙን እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ አድርጎ አዞራት። ማንም አልሞተም፤ እኔም ቅር እንዳለኝ አልደብቅም።

ወደ ሜዳው ስንቃረብ ግን የባሰው መጣ። እኛ በሌለንበት የክበቡን ዳስ ነፋስ ገነጣጥሎት ኖሯል። ዳኞቹ ፀሐይ ላይ ሲቀሩ ጋሼ ወልዴ ደግ ሰው ናቸውና፣ ለእሁድ በቫናቸው ጭነውት የመጡትን የዕድሩን ድንኳን አውጥተው ተከሉላቸው። አረንጓዴና ነጭ፣ ሜልበርን ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሰው ሲሞት ብቻ የሚተከለው ድንኳን። የውድድሩ መጨረሻ በእሱ ሥር ሆነ።

አባዬ ሲያየው ከነዳጁ ላይ እግሩን አነሳ። መኪናዋ ተንገጫገጨች። መሪውን ከሜዳው ዳር ወዳለ የበጎች አጥር ማዞር ጀመረ። የቀረን አራት ደቂቃ ነው።

«ወዴት ነህ?» አለች እማዬ።

«አይ… በዚያ በኩል እንዙር ብዬ…»

«መጨረሻው እኮ እዚያ ነው።» ፓምፑን ገፋች። «ንዳ፣ ዘገዬ።»

ነዳ። ሰሙ ሳይሰበር፣ ሞተሯ ሳትጠፋ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ድንኳኑ ሥር ገባን። ሚስተር ኬልሶ አባዬን አቅፈው ከመሬት ሊያነሱት ሞከሩና ወገባቸውን ያዙ። ሥራው የእሱ መሆኑን ጮክ ብለው አወጁ። ሐበሾቹ ለእማዬ ወንበር አምጥተው መሐል አስቀመጧት። ይሄኔ ነው ዕድሜያቸው ሰባ የሞላው እማማ አስካለማርያም፣ በሁለት ባቡር የመጡት፣ ከሜዳው ጫፍ ድንኳኑን ያዩት። ከሥሩ ደግሞ ያለምዘውድ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሰው ከብቧታል። ምን ይበሉ? ተነግሯታል አሉ።

«ወየው! ወየው ልጄን!» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረታቸውን እየደቁ በፈረንጆቹ መሐል ሰንጥቀው ገቡ። ዳኛው ዋንጫ እንደያዘ ቆመ። አባይነሽ ወደ ሚስተር ኬልሶ ዞራ በምታውቀው እንግሊዝኛ «ቬሪ ላቭ ካር!» አለች። ሌላ ምን ትበል?

እማዬ ከወንበሯ ተነስታ አሮጊቷን አቀፈቻቸው። ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አይዞዎት እማማ፣ መኪናዋ ደኅና ገብታለች» አለች። እማማ አስካለማርያም ለቅሷቸውን በግማሽ አቆሙ። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ የመኪና ፍቅር አይተው ስለማያውቁ ተመካከሩና ለዓመቱ ታማኝ ደጋፊ የሚሰጠውን ትንሿን ዋንጫ ሰጧቸው። እማማ እስኪሞቱ ድረስ ቴሌቪዥናቸው ላይ አስቀምጠዋት ነበር፤ ስለ ምን እንደተሸለሙ ግን ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

እሁድ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ሠላሳው ሰው ጥቁር ለብሶ ሳሎናችንን ሞላ፣ የተረፈው ደረጃው ላይ ቆመ። እኔ በፒጃማ ከክፍሌ ወጣሁ። አባይነሽ ከእማዬ ኋላ ቆማለች። ጋሼ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያለምዘውድ፣ ከሐሙስ ጀምሮ የደበቅንሽ ነገር አለ…»

በጣም ተናደድኩ። ለዚህ ነው ሰው የሚቀሰቅሱት?

«ነግሬያታለሁ!» አልኩ። «ትናንት ነግሬያታለሁ! ምንም አልሆነችም!»

ጋሼ ወልዴ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አባይነሽ «ወይ ጉዴ፣ ሕፃን ታርዳት?» አለችና አፌን በመዳፏ ከደነች። ያ ሁሉ ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ተጠንቅቆ፣ ሮስተር አውጥቶ፣ ነገሩ በአንድ ሕፃን አፍ ፈረሰ።

እማዬ እጄን ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ።

«የመኪናዋን ፍሬን ነው የምትለው» አለች። «ልጅ ናት። ይቀጥሉ፣ ጋሼ።»

ቀጠሉ። ስሙን ሲጠሩት እማዬ ጮኸች፣ ከጭኗ ወረድኩ፣ እሷ ወደ ኋላዋ ስትወድቅ አባይነሽ ያዘቻት። እኔ ጥግ ቆሜ ትናንት ስለ ፍሬኑ ሰምታ ምንም ያልሆነች ሴት ዛሬ ስለ ጋሽ ብሥራት ስታለቅስ አየሁና ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

አባዬ የክበቡ መካኒክ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ያ «ይቀጥሉ፣ ጋሼ» ግን እያደግሁ ስሄድ ከጆሮዬ አልወጣም። መርዶ የሚነገረው ሰው እንደዚያ አይልም። ባለፈው ዓመት እማዬን ሐኪም ቤት አድርሻት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ጠየቅኋት።

«ረቡዕ ነው የሰማሁት» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች። «አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። የድሮ ጎረቤታችን ከአዲስ አበባ ደወለች። የተነገረኝ መስሏት አጽናናችኝ፣ ምስኪን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር አባትሽ ቅዳሜን ለቅሶ ሊቀመጥ ነው። እንዴት ሆኖ እንደነበር ረሳሽው? ብሥራት ሦስት ቀን ቢጠብቀኝ አይቀየመኝም አልኩ። ታላቄ አይደል፣ ሲጠብቀኝ ነው የኖረው።»

መብራት ያዘን።

«ከዚያስ በኋላ? ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ለሰው አልተናገርሽም?»

«ያን ሁሉ ሰው ላሳፍረው?» አለችና ሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ። «ስለ ሲሊንደር ሲጠይቁኝ አልነበር እንዴ! ወንድሜን ቅዳሜ አልቅሼዋለሁ፤ አባትሽ አጠገብ፣ ነፋስ ላይ፣ ስሙን እየጠራሁ። እሁድ ያለቀስኩት ለእነሱ ነው። ያን ያህል ደክመው ከመጡ በኋላ እንዳይከፋቸው።»